ቅጠሉን እንዳይተዉት፦ በደህና የቬትናም ምግብ ቤት እንዴት እንደሚበላ

ደህና ስም ያለው የቬትናም ምግብ ቤት ገብተው ለየራስ አንድ አንድ ሰሃን አዝዘው፣ አጠገቡ የመጣውን የቅጠል ክምር እንደ ጌጥ ቆጥረው ትተውት ከወጡ፣ ምግቡን ገና አልቀመሱትም። የዚህ ምግብ ጥበብ ከሥጋው ይልቅ በትኩሱ ቅጠል፣ በማጥቀሻውና በመረቁ ላይ ነው። አብሳዩም ሥራውን ሁሉ ጨርሶ አያቀርብም፤ ሆን ብሎ ለበላተኛው የሚተወው አለ። መጠቅለሉ፣ ማጥቀሱ፣ የትኛው ቅጠል ከየትኛው ጉርሻ ጋር እንደሚስማማ መምረጡ የእርስዎ ድርሻ ነው። ውድ ቤት ገብተው ይህን ድርሻ ሳይወጡ መውጣት ያሳዝናል፤ ይህን የምጽፈውም ወገኖቼ የከፈሉበትን በሙሉ እንዲበሉ ብዬ ነው።

አጋጣሚውም እየቀረበ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ ሃኖይ መብረር ጀምሯል። በዋሺንግተን ዙሪያ የሚኖረው ሐበሻ ደግሞ አውሮፕላንም አያስፈልገውም፤ ፎልስ ቸርች፣ ቨርጂኒያ የሚገኘው ኤደን ሴንተር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የቬትናም ሱቆችና ምግብ ቤቶች ተሰብስበው የሚገኙበት የገበያ ማዕከል ነው። እዚያ ያሉት ቤቶች አብዛኞቹ ተራ ዋጋ ያላቸው ናቸው። ለዚህም ነው የመጀመሪያ ምክሬ እዚያ የሚጀምረው፦ ወደ ውዱ ቤት ከመሄድዎ በፊት በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ አንድ ምሳ ይብሉ፤ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ይቅመሱ፤ ቾፕስቲኩን ይለማመዱ።

የትኛው ቤት

ሚሽሊን የተባለው የፈረንሳይ የምግብ ቤት መመሪያ እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ለመጀመሪያ ጊዜ ሃኖይንና ሆ ቺ ሚን ከተማን ሲመዝን፣ አራት ቤቶች አንድ አንድ ኮከብ አገኙ። ከአራቱ አንዱ የጃፓን ምግብ የሚሠራ ነው። የቀሩት ሦስቱ ግን እያንዳንዳቸው የተለየ መንገድ ስለያዙ፣ ደህና ቤት ሲባል ምን ምን ዓይነት እንደሆነ በደንብ ያሳያሉ። ሃኖይ ያለው ታም ቪ የሰሜኑን የቤት ምግብ በጥንቃቄ እየሠራ፣ ለጋራ በሚሆን ሰሃን ያቀርባል። እዚያው ሃኖይ፣ የሥነ ጽሑፍ ቤተ መቅደስ ከሚባለው ጥንታዊ ግቢ አጠገብ ያለው ዛ ደግሞ ሜኑ መርጠው የሚያዝዙበት አይደለም፤ እንደ ወቅቱ በቅደም ተከተል የተዘጋጁ ትንንሽ ሰሃኖች እየተከታተሉ ይመጣሉ። ሆ ቺ ሚን ከተማ፣ ዛሬም ነዋሪው ሳይጎን በሚላት፣ በአሮጌው ገበያ መካከል ያለው አናን የመንገድ ዳር ምግቦችን ወስዶ በአዲስ መልክ ይሠራቸዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው እንደ ታም ቪ ካለው ዓይነት ቢጀምር ይሻለዋል እላለሁ። ተራውን የቤት ገበታ ያልቀመሰ ሰው፣ ሌላው አብሳይ ምኑን እንደቀየረውና ለምን እንደቀየረው አይገባውም።

አራተኛ ዓይነትም አለ፤ በመካከለኛው ቬትናም ያለችው የሁዌ ከተማ ምግብ። ሁዌ እ.ኤ.አ. ከ1802 እስከ 1945 የንዉየን ነገሥታት መቀመጫ ነበረችና የቤተ መንግሥቱ ወግ ምግቧ ላይ ቀርቷል፦ ሰሃኑ ትንሽ፣ ዓይነቱ ብዙ፣ በርበሬው ከሌላው አገር ጠንከር ያለ። የሚያቃጥል ምግብ ለለመደ ሰው የሁዌ ቤት ቶሎ ይስማማዋል። የሰሜኑ ምግብ ለዘብ ያለ ነው፤ የደቡቡ ስኳርና የኮኮናት ወተት ይበዛዋል።

አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች፦ ቻርልስ ፋን እ.ኤ.አ. በ1995 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የከፈተው ስላንትድ ዶር የቬትናምን ምግብ ከተመረጠ ሥጋና ከጥሩ ወይን ጋር አቅርቦ፣ በ2014 የጄምስ ቢርድ ፋውንዴሽንን የላቀ ምግብ ቤት ሽልማት ወስዷል። ከዚያ ወዲህ የተከፈቱ ብዙ ቤቶች እሱ በጠረገው መንገድ የሄዱ ናቸው። ዋሺንግተን ላይ የአብሳዩ ኬቨን ቲየን ምግብ ቤት ሙን ራቢት በዚሁ ወገን ይቆጠራል።

ቦታ ማስያዝ

ኮከብ ላላቸው ቤቶች ቀደም ብለው ያስይዙ፤ አንዳንዶቹ ቀብድ ይጠይቃሉ። ቬትናሞች በጊዜ ይበላሉ፦ ምሳ ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ እራት ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት። ቴት የሚባለው የጨረቃ አዲስ ዓመታቸው ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ባለው ጊዜ ይውላል፤ በዚያ ሰሞን ብዙ ቤቶች ለቀናት ይዘጋሉና ጉዞዎን ከዚያ ጋር ያመዛዝኑ። ከቻሉ አራት ሆነው ይሂዱ። ለሁለት ሰው የሚታዘዘው ዓይነት ያንሳል፤ ለስምንት ሰው ደግሞ ሰሃኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይደርስም።

ከማዘዝ በፊት የሚጠየቀው

ለእኛ ሰው ዋናው ክፍል ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ላስረዳ።

አሳማ በቬትናም ገበታ ላይ ከሌላው ሥጋ ሁሉ ይበዛል፤ ስሙ ባልተጠራበት ምግብ ውስጥም ይገባል። የተጠበሰው ጥቅልል አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ነው፤ ሽሪምፕም ይጨመርበታል። ባን ሴዎ የሚባለው ስስ ቂጣም ሁለቱን ይይዛል። በጥብስ ላይ የሚፈሰው፣ የሽንኩርት ቅጠል የተከተፈበት ዘይት በጥንቱ አሠራር የአሳማ ሞራ ነው። በሰሜኑ አገር ደግሞ ሜኑ ላይ ሥጋ ብቻ ተብሎ ከተጻፈ አሳማ ሊሆን ይችላልና ዝም ብለው አይለፉት። ሜኑ ሲያነቡ የሚረዱዎት ቃላት ጥቂት ናቸው፦ ቦ የከብት ሥጋ፣ ጋ ዶሮ፣ ቪት ዳክዬ፣ ካ ዓሣ፣ ቶም ሽሪምፕ፣ ኩዋ ሸርጣን ነው። አሳማን በደቡብ ሄዎ፣ በሰሜን ለን ይሉታል።

ዓሣውም ጥያቄ ያስፈልገዋል። ቅርፊት የሌለው ዓሣ የማይበሉ ከሆነ፣ ታዋቂዎቹ የዓሣ ምግቦች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ከአምባዛ ዘር እንደሆነ ይወቁ። በሸክላ ድስት ከተቃጠለ ስኳር ጋር የሚበስለው ካ ኮ ቶ፣ በሁመር የሚጎመዝዘው የዓሣ ሾርባም፣ የሃኖይ ኩራት የሆነው ቻ ካም እንዲሁ ናቸው። ቅርፊት ያለው ዓሣ እንዳላቸው ይጠይቁ፤ ደህና ቤት ይህን በደስታ ይመልስልዎታል።

ጾመኛ ከሆኑ ደግሞ አትክልት ብቻ ማለት አይበቃም። ጎመን የሚመስለውን ሁሉ ንዎክ ማም ይነካዋል፤ ንዎክ ማም ማለት ከዓሣና ከጨው የሚብላላ ፈሳሽ ነው። መጠየቅ ያለብዎ ቻይ የሚባለውን ነው። ቻይ የቡድሃ ተከታዮች የጾም ምግብ ነው፤ ሥጋም ዓሣም ንዎክ ማምም አይገባበትም። ብዙ ሰው በየጨረቃ ወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን ቻይ ስለሚበላ ወግ ያለውና የበሰለ ሙያ ነው። ለዚሁ ብቻ የተከፈቱ ያማሩ ቤቶችም አሉ፤ ሃኖይ ላይ ኡ ዳም ቻይ፣ ሳይጎን ላይ ሁም ይገኛሉ። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ቻይ ውስጥ እንቁላልና ወተት የሚፈቅዱ አሉና ሁለቱም እንዳይገቡ ለብቻው ይንገሩ። ሁለተኛ፣ የቻይ ምግብ ስሙ የከብት ወይም የዶሮ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ፤ አይደንግጡ፣ ከአኩሪ አተር ወይም ከእንጉዳይ የተሠራ ነው። የወጥ ቤቱ ዘይት በአብዛኛው ከቅቤ የራቀ ነው፤ ጣፋጮቻቸውም ብዙዎቹ በኮኮናት ወተት ይሠራሉ፤ ይህ ለጾመኛ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሙስሊም አንባቢ ከአሳማው ሌላ የሞራውንና በማጣፈጫ የሚገባውን የአልኮል ነገር መጠየቅ አለበት። ሳይጎን መካከል እ.ኤ.አ. በ1935 የተሠራው መስጊድ አካባቢ የሐላል ምግብ ቤቶች ይገኛሉ።

ይህን ሁሉ በቃል ለማስረዳት አይድከሙ። ቋንቋቸው በድምፅ ቅላጼ ትርጉሙን የሚለውጥ ነው፤ እርስዎ አንድ ብለው እነሱ ሌላ ሊሰሙ ይችላሉ። ስልክዎ ላይ በቬትናምኛ አስጽፈው ያሳዩ። ቅደም ተከተል ባለው ሜኑ የሚያቀርብ ቤት ከሆነ ደግሞ ቦታ በሚያስይዙበት ቀን ይንገሩ፤ ምሽቱ ላይ ቢነግሩ አብሳዩ የሚለውጠው ነገር አይኖረውም።

ለገበታው ማዘዝ

ለየሰው አንድ ሰሃን ማዘዝ ይቅር። የቬትናም ገበታ እንደ እኛው ትሪ የጋራ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ፊት የሚቀመጠው ትንሽ የሩዝ ጎድጓዳ ሳህን ብቻ ነው፤ የቀረው መሃል ይሆናል። በየቤቱ የሚጠበቀው ሚዛን ሩዝ፣ ሾርባ፣ ቅጠል፣ እና ጨው ጠንከር ያለ አንድ ዋና ነገር ነው። ከዚህ ተነሥተው ለአራት ሰው እንዲህ ይዘዙ፦ አንድ ጎይ፣ ማለትም ከሙዝ አበባ፣ ከሎተስ ግንድ ወይም ካልበሰለ ፓፓያ የሚሠራ ሰላጣ፤ አንድ በእጅ የሚጠቀለል ምግብ፤ አንድ በሸክላ ድስት የበሰለ ጨዋማ ነገር፤ አንድ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ቅጠል፤ አንድ ሾርባ፤ ከዚያ ሩዝ። ይህ ለአራት ሰው ይበቃል። ጎደለ ካሉ በኋላ ይጨምራሉ።

ሁለት የተጠበሰ ወይም ሁለት ጣፋጭ የሆነ ምግብ አብረው አያዝዙ። የገበታው ደስታ ከአንዱ ጣዕም ወደ ሌላው መሄዱ ነው፦ ከጨዋማው በኋላ ጎምዛዛው ሾርባ፣ ከዘይታማው በኋላ ትኩሱ ቅጠል። ግራ ከገባዎ አስተናጋጁን ለአራት ሰው ገበታውን ሙላልን ይበሉት፤ የማይበሉትን ከነገሩት በኋላ ነው ታዲያ።

ለእኛ ሰው በተለይ የምመክረው ቦ ባይ ሞን ነው፤ ሰባት ዓይነት የከብት ሥጋ ተከታትሎ የሚመጣበት የደቡብ ድግስ። ስስ ተቆርጦ በሚፈላ የሆምጣጤ መረቅ ውስጥ ገባ ወጣ የሚደረግ ሥጋ አለው፤ ሎት በሚባል ቅጠል ተጠቅልሎ በከሰል የተጠበሰ አለው፤ መጨረሻው የከብት ሥጋ ያለበት የሩዝ ገንፎ ነው። ከሰባቱ አንዱ በሞራ መረብ የሚጠቀለል፣ ሌላው የተፈጨ ሥጋ ሆኖ በእንፋሎት የሚበስል ስለሆነ፣ በእነዚህ ሁለት ላይ አሳማ እንዳይገባ አስቀድመው ያሳስቡ። ጥሬ ሥጋ የሚወዱ ደግሞ ቦ ታይ ቻን ይዘዙ፤ በሎሚ ጭማቂ የታሸ ስስ ሥጋ ነው፣ ቅጠልና ኦቾሎኒ ይነሰነስበታል።

ፎ የሚባለውን የሩዝ ኑድል ሾርባ ካዘዙ፣ መረቁን ምንም ሳይጨምሩበት ሦስት ማንኪያ ይቅመሱ። አጥንቱ ለብዙ ሰዓታት የፈላ፣ ዝንጅብሉና ሽንኩርቱ በእሳት የተለበለበ፣ ቀረፋና የኮረሪማ ዘመድ የሆነ ጥቁር ሂል የገባበት ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ጣፋጭ ስጎ አስቀድመው ካፈሰሱበት ያ ሁሉ ድካም ይጠፋል። በሃኖይ ቤቶች ጠርሙሱም የቅጠሉ ሰሃንም ላይመጣ ይችላል፤ ሎሚ ወይም የነጭ ሽንኩርት ሆምጣጤና ቃሪያ ብቻ ያቀርባሉ፤ የጎደለ እንዳይመስልዎት።

እጅ የሚሠራው

ባን ሴዎን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከሩዝ ዱቄትና ከኮኮናት ወተት ተበጥብጦ በጋለ መጥበሻ የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው፤ ቢጫነቱ የእርድ እንጂ የእንቁላል አይደለም። በሹካና ቢላ አይቁረጡት። በቾፕስቲክ ወይም በጣት የሁለት ጣት ስፋት ያህል ይገንጥሉ፤ ሰፊ የሰላጣ ወይም የሰናፍጭ ቅጠል መዳፍዎ ላይ ይዘርጉ፤ ቁራሹን መሃሉ ላይ ያኑሩ፤ ከቅጠሎቹ ሁለት ዓይነት፣ ቢበዛ ሦስት፣ ቆረጥ ቆረጥ አድርገው ይጨምሩ፤ አጥብቀው ይጠቅልሉ፤ አንዱን ጫፍ ብቻ ያጥቅሱ። ቶሎ ይብሉት፤ ከቀዘቀዘ ኩርሽም ማለቱ ይጠፋል።

ጥቅሉ በሩዝ ወረቀት ከሆነ፣ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ለቅጽበት ብቻ ነክረው ያውጡት። ገና ደረቅ ነው ብለው ቢያቆዩት ይቀደዳል፤ ሰሃኑ ላይ ሆኖ እየለሰለሰ ይሄዳልና። ሙሊቱን ያሳንሱት፤ ሁሉም ሰው መጀመሪያ ላይ የሚያበዛው እሱን ነው።

ቅጠሎቹን በስም ሁሉ ማወቅ አያስፈልግም። ናናን፣ የድንብላል ቅጠልን፣ የበሶብላን ዘመድ በሽታቸው ወዲያው ይለዩአቸዋል፤ ጠጅ ሣሩም በጥብሱ ውስጥ አለ። አዲስ የሚሆኑብዎት ምናልባት ሁለት ናቸው፦ አንድ ጎኑ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቲያ ቶ፣ እና እንደ ቁንዶ በርበሬ ምላስ የሚያቃጥለው ራው ራም። መጀመሪያ ብቻቸውን ያኝኳቸው፤ ከዚያ የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን አፍዎ ራሱ ይነግርዎታል። የቅጠሉ ሰሃን ካለቀ ደግሞ እንዲጨመር ይጠይቁ። አንድ ቤት ደህና መሆኑን የማውቀው በዚህ ነው፦ ቅጠሉ የታጠበ፣ የደረቀ፣ ያልጠወለገ፣ ሲጠይቁም ያለ ማመንታት የሚመጣ ከሆነ ወጥ ቤቱ ሥራውን ያከብራል።

ማጥቀሻው ከቅጠሉ እኩል ክብር ይገባዋል። ንዎክ ቻም የሚባለው ንዎክ ማም፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ ውሃ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ነው። ከሥር ያለው ንዎክ ማም ጥሩ ካልሆነ ሌላው አያድነውም። ስመ ጥሩው የሚመጣው ከፉ ኩዎክ ደሴት ነው፤ ሦስት እጅ አንቾቪ የተባለ ትንሽ ዓሣ ከአንድ እጅ ጨው ጋር በትልቅ የእንጨት በርሜል ለ12 ወር ያህል ይብላላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2012 ስሙን በሕግ ጠብቆለታል። የእያንዳንዱ ምግብ ማጥቀሻ የተለየ ነውና አስተናጋጁ ሲያስቀምጥ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ልብ ይበሉ። ቻ ካ ሲያዝዙ ማም ቶም የተባለ ሽታው ኃይለኛ የሆነ የሽሪምፕ ማጥቀሻ ሊመጣ ይችላል፤ ካልፈለጉት በንዎክ ማም እንዲለውጡልዎ ይጠይቁ፤ ነውር የለውም።

የገበታ ወግ

መብላት የሚጀመረው ታላቅ ሲጀምር ነው፤ ታናሽ የሆነ ሰው ታላላቆቹን በየተራ ይጋብዝና ከዚያ ይበላል። ቬትናማዊ ጋባዥ ካለዎት ጥሩውን ቁራሽ አንሥቶ ጎድጓዳ ሳህንዎ ውስጥ ያኖርልዎታል። ይቀበሉ፤ እርስዎም መልሰው ያድርጉት፤ ለሌላ ሰው ሲያነሡ ግን የጋራውን ቾፕስቲክ ይጠቀሙ፤ ከሌለ የራስዎን ገልብጠው በማይጎርሱበት ጫፍ ያንሡ።

የሩዙን ሳህን በግራ እጅ አንሥቶ ወደ አፍ ማስጠጋት ጨዋነት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ማጎንበስ ነው የሚያስነውረው። ቾፕስቲክን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከል ለሙታን የሚጨስ ዕጣን ስለሚያስታውስ ፈጽሞ አይደረግም። በቾፕስቲክ ሳህን መምታትም፣ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ምግብ ማቀባበልም እንዲሁ አይወደድም። ኑድል ያለበት ሾርባ ሲሆን ቾፕስቲክ በቀኝ፣ ማንኪያ በግራ ነው። ቾፕስቲክ አልሆን ካለዎት ሹካ ይጠይቁ፤ ማንም አይታዘብዎትም።

መጠጥና ሂሳብ

ከባድ ቀይ ወይን ከንዎክ ማምና ከቃሪያ ጋር ይጣላል፤ የሚጠጡ ከሆነ ቀለል ያለ ነጭ ይሻላል። የእኔ ምርጫ ግን የሎተስ ሻይ ነው። በሃኖይ ምዕራባዊ ሐይቅ በሚበቅለው ሎተስ የሚታጠነው ሻይ ለአንድ ኪሎ ከ1000 በላይ አበባ ይፈጃል፤ ውድ የሆነውም ለዚህ ነው። በምግቡ መሃል ሳይሆን መጨረሻ ላይ ብቻውን ይጠጡት።

ቡናቸውን የእኛን ቡና እየጠበቁ አይቅመሱት። ቬትናም በዓለም ሁለተኛዋ ትልቅ ቡና አምራች ናት፤ የምታመርተው ግን በአብዛኛው ሮቡስታ ነው፦ መራራ፣ ወፍራም፣ ካፌኑ ብዙ። በትንሽ የብረት ማጥለያ ቀስ እያለ ይንጠባጠብና ከተጨመቀ ጣፋጭ ወተት ጋር ይጠጣል። ለጾመኛ ያለ ወተት ይመጣል። ሃኖይ ካሉ የእንቁላል ቡናውን አንድ ጊዜ ይሞክሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ወተት በጠፋበት ዘመን፣ በሜትሮፖል ሆቴል ይሠራ የነበረው ንዉየን ቫን ዣንግ በተመታ የእንቁላል አስኳል የተካው ነው።

ሂሳቡ ሲመጣ፣ ሜኑው ላይ ከዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካለ ተጨማሪ እሴት ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ገና አልተደመረም ማለት ነው። ቬትናም ውስጥ ቲፕ ግዴታ አይደለም፤ ጥሩ ለተስተናገደ ሰው ትንሽ መተው በቂ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ከ18 እስከ 20 በመቶ ይጠበቃል። በጥሬ ገንዘብ የሚከፍሉ ከሆነ፣ የ20,000 እና የ500,000 ዶንግ ኖቶች ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፤ ደብዛዛ መብራት ሥር በቀላሉ ይምታታሉና ከመስጠትዎ በፊት ዜሮዎቹን ይቁጠሩ።